የአባቷ ጥቁር መነጽር

ካምፓላ፣ ካባላጋላ በሚባለው ሰፈር በምሠራበት ምግብ ቤት ጓዳ ውስጥ ያለውን የእቃ ማጠቢያ የሠራችው ልጄ ናት። ሁለት ገንዳ አለው። ከገንዳዎቹ ጎን የታጠበ ሳህን የሚደረደርበት ዘንበል ያለ ጠረጴዛ ተያይዟል። ስትጀምረው የተቆራረጠ የስቴንለስ ላሜራ ነበር፤ ተበይዶ ነው አንድ እቃ የሆነው። የመጣልን ቀን ሌሎቹ ሴቶች ቧንቧውን እየከፈቱ ሲዘጉ እኔ ጣቴን በጠርዙ ላይ እየጎተትኩ መገጣጠሚያውን ፈለግኩ። ሟቹ ባለቤቴ የሚበይደው በር መገጣጠሚያው እንደ አባጨጓሬ ጀርባ ያበጠ ነበር፤ ዓይን ጨፍኖም በእጅ ይገኛል። የልጄን አላገኘሁትም። ጎንበስ ብዬ በመስኮቱ ብርሃን ሳየው ከስፌት ክር የማይወፍር መስመር አለ፤ በጣት ግን አይገኝም።

አሁንም ሽንኩርት ከትፌ እጄን ስታጠብ ጣቴ ወደዚያ መስመር ይሄዳል። የምጽፈው ስለ መስመሩና ስለ ልጄ ግራ ዓይን ነው። ትምህርት ያቆምኩት አራተኛ ክፍል ስለሆነ እሷ ስለምትበይድበት ማሽን የማውቀው ልጄ የነገረችኝን፣ አሠሪዋ ያሳዩኝንና የዓይን ሐኪሙ ያስረዳኝን ብቻ ነው።

ባለቤቴ በያጅ ነበር። አዲስ አበባ ሳለን በርና መስኮት፣ የአጥር ፍርግርግ ይሠራ ነበር፤ ካምፓላ ከመጣን በኋላም ብረት ሠሪዎች የሚበዙበት ካትዌ ሰፈር ገብቶ በዚያው ሙያ ቀጠለ። የሚሠራው በኤሌክትሮድ ነው። ኤሌክትሮዱ ብረቱን ሲነካ እሳቱ ይነሣል፣ ፍንጣሪው ይዘንባል፣ ኤሌክትሮዱ ራሱ እየቀለጠ በሁለቱ ብረቶች መካከል ያለውን ክፍተት ይሞላል። ብርሃኑ በመንገድ የሚያልፈውን ሰው ፊት ያስዞራል። በያጅ ማስኩን ሳይደፋ አንድ ሁለት ጊዜ ካየው፣ አመሻሽ ላይ ዓይኑ ውስጥ አሸዋ የተበተነ ይመስለዋል። ባለቤቴ እንዲያ ሆኖ ሲመጣ ድንች ልጬ፣ በስሱ ቆርጬ ዓይኑ ላይ አደርግለት ነበር። እያቃሰተ ይጋደማል። በሁለተኛው ቀን ይሻለዋል፤ በሦስተኛው ሥራ ይገባል። ስለ ብየዳና ስለ ዓይን የማውቀው ይህን ነበር። የጎዳ ብርሃን ያማል፤ ሕመሙ ሲያልፍ ዓይኑ ድኗል ማለት ነው።

እኔ ፈሪ ነኝ። የጋዝ ምድጃውን ቁልፍ ሦስት ጊዜ ሳልነካ ከቤት አልወጣም። ልጄን ቦዳ በሚሉት የሞተር ሳይክል ታክሲ ላይ ብቻዋን ያስቀመጥኳት አሥራ ስምንት ዓመት ከሞላት በኋላ ነው፤ ያኔም ሄልሜቱን ያሰርኩላት እኔ ነኝ። ባለቤቴንም ፋታ አልሰጠው ብዬ ከገበያው ሁሉ የጠቆረ መስታወት ያለው መነጽር አስገዛሁት። ክብ ክብ ነው፤ ጎንና ጎኑ በቆዳ የተሸፈነ፣ ከኋላ በላስቲክ የሚታሰር። አድርጌው ወደ አምፖሉ ቀና ስል አምፖሉ የለም። ረካሁ። ያን መነጽር ማድረግ ከጀመረ በኋላ ለዓይኑ ድንች አልላጥኩም። የሞተው በኩላሊት ነው፤ ዓይኑ እስከ መጨረሻው ደኅና ነበር። መነጽሩን በጋቢው ጠቅልዬ ሻንጣ ውስጥ አስቀመጥኩት።

ልጄ ሁለተኛ ደረጃ ጨርሳ አንድ ዓመት የቴክኒክ ትምህርት ከተማረች በኋላ አባቷን ያውቁ የነበሩ አንድ የወሎ ሰው ቀጠሯት። ካትዌ ውስጥ ለምግብ ቤትና ለሆቴል የስቴንለስ እቃ የሚሠራ ወርክሾፕ አላቸው። ሰው ሁሉ ሐጂ ይላቸዋል፤ እኔም እንደዚያው። መጀመሪያ ልኬት ነበር የምትይዘው። አባቷ በዓይኑ ገምቶ ይቆርጥ የነበረውን እሷ ሁለት ጊዜ ለክታ፣ ደግማ ለክታ ነው የምትቆርጠው። ይህን ከእኔ ነው የወሰደችው። ሐጂ በሌዘር የሚበይድ ማሽን ሲያስመጡ ከሠራተኞቻቸው ሁሉ መርጠው ለእሷ የሰጡትም ለዚሁ ነው።

ማሽኑን ሳላየው ልቤ አልረጋ ስላለ አንድ ቅዳሜ ካትዌ ሄድኩ። መንገዱ ግራና ቀኝ ብረት አልጋ፣ የከሰል ምድጃ፣ ሳጥን ይበየድበታል። ነጠላዬን ግንባሬ ላይ ጎትቼ፣ መሬት መሬቱን እያየሁ ነው ያለፍኩት። የሐጂ ማሽን ግን ደጅ አይደለም ያለው። ከወርክሾፑ ኋላ ግድግዳዋ ጥቁር የተቀባ፣ ከባድ መጋረጃ ያላት ጠባብ ክፍል አሠርተውለታል። በሩ ላይ ማሽኑ ሲሠራ የሚበራ ቀይ አምፖል አለ። እኔ የበሩን ጉበን ይዤ ቆምኩ።

«ከደጅ ሆነው ሊያዩዋት ነው? ይግቡ እንጂ» አሉኝ ሐጂ። «እንደ ፍሪጅ ዝም ብላ ቆማለች። አትናከስም።»

«ፍሪጅ ብረት አያቀልጥም ሐጂ።»

«እሱስ እውነት ነው» አሉ።

መልኩ በእርግጥ ትንሽ ፍሪጅ ነው የሚመስለው፤ ጎማ አለው። ከጎኑ ረጅም ገመድ ይወጣል፣ በገመዱ ጫፍ ሽጉጥ የሚመስል እጀታ አለ። ልጄ እጄን ይዛ ገመዱን አስነካችኝ። ማሽኑ ከኤሌክትሪኩ ብርሃን ይሠራል አለችኝ። ብርሃኑ በገመዱ ውስጥ ባለ ፀጉር በሚያህል የመስታወት ክር እየተጓዘ እጀታው ጋ ይደርሳል። እጀታው ውስጥ ሌንስ አለ፤ ሌንሱ ብርሃኑን ሰብስቦ የመርፌ ጫፍ በምታህል ቦታ ላይ ያሳርፈዋል።

«ልጅ ሆነሽ በማጉያ መስታወት ፀሐይ ሰብስበሽ ወረቀት አላቃጠልሽም?» አለችኝ።

«አላቃጠልኩም። የሚያቃጥሉትን ግን እቆጣ ነበር።»

ሐጂ ሳቁ። «ይኸው ያ ነው እንግዲህ። ፀሐይዋ ከዚህ ሳጥን ትወጣለች፣ ወረቀቱ ደግሞ ብረት ነው።»

ብርሃኑ ያረፈበት ብረት በቅጽበት ቀልጦ ጠባብና ጥልቅ ቀዳዳ ይሆናል። እጀታው ወደፊት ሲሄድ ቀዳዳውም አብሮ ይሄዳል፣ ከኋላ ያለው የቀለጠ ብረት ተገናኝቶ ይረጋል። አየር እንዳይደርስበት ከእጀታው ጋዝ ይነፋበታል። እንደ ኤሌክትሮድ ክፍተት የሚሞላ ነገር ስለሌለ ሁለቱ ጠርዞች መነካካት አለባቸው፤ በመካከላቸው ወረቀት የሚያስገባ ክፍተት ካለ አይይዝም። ከዚያ መስመር ጥቂት ራቅ ያለው ብረት እምብዛም አይግልም። ስለዚህ ስስ ላሜራ አይጣመምም፣ አይጠቁርም፣ ከተበየደ በኋላ በግራይንደር ሲፋቅ አይዋልም። አባቷ ቀኑን ሙሉ ይፍቅ ነበር። ልብሱን ሳጥብ የሚወጣው ውሃ ዝገት ነበር።

ሐጂ የት የት እንደሚሠራበት ቆጠሩልኝ። የመኪና አካል፣ የአንገት ሐብል፣ የብረት ጥርስ። «ድምፅ የሌላቸው የኤሌክትሪክ ቦዳዎች የሉም? ባትሪያቸው ውስጥ ብዙ ትንንሽ ድንጋይ አለ፤ የሚያያዘው በዚህ ነው። በኤሌክትሮድ ቢነካ ይቃጠላል። ልቡ ለደከመ ሰው ደረቱ ውስጥ የሚቀበርለት እቃስ፣ ልብ የሚቀሰቅሰው? ሽፋኑ የሚታሸገው በሌዘር ነው። የውስጡን አያግለውም፣ ከሰውየው ገላም አንዲት ጠብታ አይገባበትም። ደረት ውስጥ የሚኖር እቃ በዚህ ከታሸገ የእናንተ እቃ ማጠቢያ አያፈስም።» ያኔ የምግብ ቤታችን ትእዛዝ እሳቸው ጋ ነበር።

«ዓይኗስ?» አልኩ። የመጣሁት ለዚህ ነው።

ሐጂ አንድ መነጽር ከሚስማር ላይ አውርደው ሰጡኝ። ፕላስቲክ ነው፣ ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ፣ ልጆች ለበዓል የሚገዛላቸውን ይመስላል። አደረግኩት። ሐጂን አየኋቸው፣ ልጄን አየኋት፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ቀን መቁጠሪያ አነበብኩ።

«ሁሉም ይታየኛል» አልኩ።

«እንዲታያት ነዋ። ይህ ብርሃን እርስዎ የሚያውቁት ዓይነት አይደለም፤ በዓይን አይታይም። የምናየው ብረቱ ሲቀልጥ የሚያወጣውን ብልጭታ ብቻ ነው። መነጽሩ የማይታየውን ለይቶ ያስቀረዋል፣ ሌላውን ያሳልፋል። ቁም ነገሩ ጥቁረቱ አይደለም።»

ራሴን ነቀነቅኩ። ያሉትን ሰምቻለሁ፣ ይኸው ቃል በቃል ጽፌዋለሁ። አላመንኳቸውም ግን።

በማግስቱ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ መነጽሩን ከቦርሳዋ አውጥቼ ወደ አምፖሉ ቀና አልኩ። አምፖሉ አለ። ላዩ ላይ የተጻፈው ፊደል ሳይቀር ይነበባል። ሻንጣውን ከፍቼ የአባቷን አወጣሁ። አምፖሉ የለም። ይዤው ወደ እሷ ሄድኩ። ምሳ እየበላች ነበር።

«ይህን ነው የምታደርጊው» አልኳት።

«እማ፣ ይኼ የአባዬ ለኤሌክትሮድ ነው። ለሌዘር አይሆንም። ሐጂ ነገሩሽ እኮ።»

«ሐጂ አልወለዱሽም።»

«ቀይዋን ነጥብም አያሳየኝም።»

«የቷን ነጥብ?»

«ዋናው ብርሃን አይታይም አላልንሽም? የት እንደሚያርፍ የምታሳይ ደካማ ቀይ መብራት አለች። እሷን ነው የምከተለው።»

«ትለምጂዋለሽ። አባትሽም ለምዷል።»

ጉርሻዋን መልሳ ሳህኑ ላይ አኖረች። ይህ እሺ ማለት እንዳልሆነ ስለማውቅ «በአባትሽ አጥንት ማይልኝ» አልኳት።

በእኛ ቤት ይህ ቃል እንደዋዛ አይነሣም። አባቷ ከሞተ ወዲህ አንሥቼው አላውቅም ነበር። የሞተ አባት አጥንት ከተጠራ በኋላ ልጅ ምክንያት አትደረድርም፤ ያን አውቄ ነው ያነሣሁት።

«የአባዬ አጥንት ይውጋኝ፣ አደርገዋለሁ» አለች። ጥቁሩን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። አረንጓዴውን እኔ በጋቢው ጠቅልዬ ሻንጣው ውስጥ፣ የአባቷ በነበረበት ቦታ አስቀመጥኩት።

ሁለት ሳምንት ያህል ምንም አልሆነም። ሐጂ ብዙውን ጊዜ እቃ ሊያስረክቡ ይወጣሉ፤ እሷ ከመጋረጃው ኋላ ብቻዋን ናት። የትኛውን መነጽር እንዳደረገች የሚያይ ሰው አልነበረም። እኔም ጥቁሩ መነጽር ከእሷ ጋር ስላለ ካትዌን ማሰብ ትቼ ነበር።

አንድ ማክሰኞ እንደወትሮው ከሥራ መጣች። የእኛን እቃ ማጠቢያ ጀምራ ነበር። ጫማዋን እያወለቀች «ዛሬ ብልጭ አለብኝ» አለችኝ። እኔ ወዲያው ድንች ፈለግኩ።

«ያማል?»

«አያምም።»

«አሸዋ አሸዋ ይላል?»

«አይልም። ፎቶ ሲያነሱሽ ዓይንሽ ላይ የሚቀረው ዓይነት ነጥብ አለ፣ ግራው ላይ።»

ድንቹን በስሱ ቆርጬ ሁለቱም ዓይኗ ላይ አደረግኩላት። ዝም ብላ ተጋደመች። አላቃሰተችም። እየተመላለስኩ ጠየቅኳት፤ አላመማትም። አባቷ በእንዲህ ያለ ቀን ሰው አያናግርም ነበር። እሷ ድንቹ ፊቷ ላይ እንዳለ ስለ ምግብ ቤቱ ወሬ ጠየቀችኝ። «ካላመመሽ ደኅና ነሽ» አልኳት። መነጽሩ ነው ያዳናት ብዬ አሰብኩ። ራታችንን በላን።

ረቡዕ ሥራ ገባች። ሐሙስም ገባች። ዓርብ እቃ ማጠቢያው ተጠናቆ ምግብ ቤት መጣ፣ እኔም ጣቴን ጎትቼ መገጣጠሚያውን ፈለግኩ፣ አጣሁት። መጀመሪያ ላይ የጻፍኩት ያ ቀን ነው። የመጨረሻውን መስመር የበየደችው በአንድ ዓይን መሆኑን ያኔ አላወቅኩም።

እሁድ ከሰዓት በኋላ ምስር እየለቀምን ነበር። ከፊት ለፊቴ ተቀምጣለች። ቀኝ ዓይኗን በመዳፏ ሸፈነች፣ ገለጠች፣ እንደገና ሸፈነች።

«እማ» አለች።

«እ?»

«አፍንጫሽ የለም።»

ቀና ብዬ አየኋት። እየቀለደች አልነበረም።

«ወደ አፍንጫሽ ሳይ እሱ ይጠፋል። ወደ ጆሮሽ ሳይ ደግሞ ጆሮሽ ይጠፋል። የማየው ነገር ብቻ ነው የሚጠፋው፤ ዳር ዳሩ አለ።»

አልጮህኩም። ምስሩን ለቅሜ ጨረስኩ። ጠጠሩን ጣልኩ። ሰፌዱን ሰቀልኩ። ለምን እንደዚያ እንዳደረግኩ አላውቅም፤ እጄ ነው የሠራው። ሰኞ ማለዳ ታክሲ ይዘን በንሳምብያ ሰፈር በኩል አድርገን ዓይን ሐኪም ቤት ሄድን። መንገዱ ተዘጋግቶ ነበር። እሷ ቀኝ ዓይኗን እየሸፈነች የሱቆቹን ጽሑፍ ስትሞክር አየኋት። እንዳላየሁ ሆንኩ።

ዓይኗ ውስጥ ጠብታ አደረጉላት፣ አገጯን ማሽን ላይ አስደግፈው የዓይኗን የኋላ ክፍል ፎቶ አነሱት። ሐኪሙ ስክሪኑን ወደ እኛ አዞረው። የሚታየው እንደ ብርቱካን ክብና ቀይ ነገር ነው፤ ሥር ሥር አለው። ከመካከሉ ላይ አንዲት ነጣ ያለች ነጥብ አለች። ሐኪሙ በእንግሊዝኛ ይናገራል፣ ልጄ ወደ አማርኛ ትመልስልኛለች። ስለ ራሷ ዓይን ስትነግረኝ ድምፅዋ የላሜራ ልኬት የምታነብ ይመስል ነበር።

ዓይን ራሱ ሌንስ አለው አለ ሐኪሙ። የሌዘሩ ብርሃን ባይታይም ሌንሱ እንደማንኛውም ብርሃን ይሰበስበውና ከኋላ ባለው ስስ ሽፋን ላይ ያሳርፈዋል። ማሽኑ ብረቱ ላይ የሚያደርገውን ዓይን በራሱ ላይ ያደርገዋል ማለት ነው። በቀጥታ መምጣት አያስፈልገውም፤ ከሚያብረቀርቅ ስቴንለስ ላይ ነጥሮ የሚመለሰው ጥቂቱ ይበቃል። ያ ሽፋን ደግሞ ሕመም አይሰማውም።

«በአባትሽ ጊዜስ ለምን ያም ነበር በይው» አልኳት።

ጠየቀችው። የኤሌክትሮድ ብርሃን የሚልጠው የዓይንን ፊት ነው፣ ፊቱ ያማል፣ ቆዳ እንደሚተካው ይተካል አለ። ይህ ግን ከኋላ ነው።

ከዚያ እሷን አንድ ነገር ጠየቃት። መነጽር የሚለውን ቃል ለይቼ ሰማሁ። እሷ አጠር አድርጋ መለሰች፣ እጇን ግንባሯ ላይ አድርጋ። አልተረጎመችልኝም፤ ግን ያን ያህል እንግሊዝኛ እኔም አውቃለሁ። ግንባሬ ላይ ሰቅዬው ነበር ነው ያለችው። የማን መነጽር እንደሆነ አልተናገረችም። እኔም አልነገርኩትም።

እዚያው ቤት እነሱም ሌዘር እንዳላቸው ሐኪሙ ነገረን። ያ ሽፋን የተቀደደበት ሰው ሲመጣ በቀዳዳው ዙሪያ ነጥብ ነጥብ እያደረጉ እንደ ብየዳ ያጣብቁበታል። የእሷን ግን አይጠግንም። እብጠቱ ሲወርድ ከጠፋው ጥቂቱ ሊመለስ ይችላል፤ ስድስት ወር ጠብቀን የቀረው እንደቀረ ይቆጠራል አለ። ካሬ ካሬ የተሰመረበት፣ መሐሉ ላይ ጥቁር ነጥብ ያለው ወረቀት ሰጠን።

ወረቀቱን ፍሪጁ በር ላይ ለጠፍኩት። በየማለዳው ልጄ ፊት ለፊቱ ትቆማለች፣ ቀኝ ዓይኗን ትሸፍናለች፣ ነጥቡ ወዳለበት ታያለች። የትኞቹ ካሬዎች እንደጠፉ በቃሏ ትነግረኛለች፣ እኔ በእርሳስ ዙሪያቸውን አከብባለሁ። የመጀመሪያው ቀን አሥራ አራት ነበሩ።

በዚያው ሳምንት ሐጂ ሊጠይቋት መጡ። ብርቱካን ይዘዋል። ከእሷ ጋር ተጫወቱ፣ ሻይ ጠጡ፣ የሐኪም ቤቱን ወጪ እሸፍናለሁ አሉ። ሲነሡ ግን በሩ ጋ ቆመው ወደ እኔ ዞሩ።

«እንደ ልጄ ነው የማያት» አሉ። «ግን መነጽሯን አውልቃ የሠራችን ልጅ ማሽን ላይ መልሼ አላቆምም። ልኬት ትውሰድ፣ እቃ ትወልውል። ሌሎቹም እንዲማሩበት ነግሬያቸዋለሁ። እኔ ሰጥቻታለሁ፣ እሷ ናት ያወለቀችው።»

ልጄ ከኋላዬ ቆማ ትሰማለች። እኔ በሩን ከፍቼ ያዝኩላቸው። ሐጂ ጫማቸውን አድርገው ሄዱ።

«ለምን አልነገርሻቸውም?» አልኳት።

«ምን ብዬ?»

«እናቴ አስምላኝ ነው ብለሽ።»

«አንቺም እዚያው ቆመሽ ነበር» አለች፣ ብርጭቆዎቹን ሰብስባ ወደ ጓዳ ገባች።

የንስሐ አባታችን አዲስ አበባ ናቸው። ስልክ ደወልኩላቸው። ያስማልሻት አንቺ ስለሆንሽ አንቺው ፍቺያት፣ ንስሐው ያንቺ ነው አሉኝ። ስግደት ሰጡኝ። ልጄን ጠርቼ «ከመሐላው ፈትቼሻለሁ» አልኳት። «እሺ» አለች። ጥቁሩን መነጽር ከቦርሳዋ፣ አረንጓዴውን ከሻንጣው አወጣሁ፣ ሁለቱንም በፌስታል ይዤ ካትዌ ሄድኩ። ዓርብ ነበር፤ ሐጂ ከመስጊድ እስኪመለሱ ላሜራ ክምር ላይ ተቀምጬ ጠበቅኳቸው።

ሲመጡ ሁለቱን መነጽሮች ፊታቸው አስቀምጬ ነገርኳቸው። አምፖሉን ነገርኳቸው፣ አጥንቱን ነገርኳቸው፣ ድንቹንም ነገርኳቸው። አላቋረጡኝም። ጥቁሩን አንሥተው አገላብጠው አዩት።

«ይምጡ» አሉኝ።

ጥቁሯ ክፍል ገባን። የማሽኑን ቁልፍ ነቅለው አሳዩኝ፤ ዋናው ብርሃን ተዘግቷል፣ ቀይዋ መብራት ብቻ ናት የምትሠራው አሉ። ሁለት ቁራጭ ስቴንለስ ጠረጴዛው ላይ አጋጠሙ። እጀታውን በቀኝ እጄ አስያዙኝና የባለቤቴን መነጽር ሰጡኝ።

«ያድርጉት። ቀይዋን ነጥብ መገጣጠሚያው ላይ ያሳርፉልኝ።»

አደረግኩት። ጥቁር ነው። ጠረጴዛው የለም፣ እጄ የለም፣ ሐጂ የሉም። የእጀታው ጫፍ ብረቱን ሲፍቅ ይሰማኛል፤ የት እንዳለ ግን አላውቅም። ወደ ግራ ገፋሁት፣ ወደ ቀኝ ሳብኩት። ነጥቧን ፈለግኩ። ትንሽ ቆይቶ ያለችበት ታየችኝ፤ ምስር የምታህል፣ ቀይ፣ ከመስመሩ ፈቀቅ ብላ።

ያየኋት መነጽሩን አንሥቼ ነው። ግራ እጄ መነጽሩን ግንባሬ ላይ ሰቅሎት ነበር። መቼ እንዳነሣው አላውቅም። ቀኝ እጄ ጣቱ ቃታው ላይ ነው።

ሐጂ እጀታውን ቀስ አድርገው ተቀበሉኝ። መነጽሩን እስካወልቅ ጠበቁ።

«እኔም አንድ ቀን መጋረጃውን ገልጬ ማየት ነበረብኝ» አሉ በመጨረሻ።

«ነበረብዎት» አልኩ።

«ነበረብኝ። ለልጆቹ እኔ እነግራቸዋለሁ።»

«እኔ ልንገራቸው።»

ግራይንደሮቹን አስጠፉ። ሠራተኞቹ ተሰበሰቡ። እኔ በአማርኛ ተናገርኩ፣ ሐጂ ወደ ሉጋንዳ መለሱት። አጭር ነበር። እሷ አላወለቀችም፣ እኔ ነኝ የማይሆን መነጽር አስምዬ የሰጠኋት አልኩ። አንዳንዶቹ መሬት መሬት አዩ። ደጅ በኤሌክትሮድ የሚሠራ አንድ ሽማግሌ በያጅ ጥቁሩን መነጽር እንዳየው ጠየቀ። አደረገው፣ ወደ ሰማይ ቀና አለ፣ አንድ ነገር ተናገረ።

«ጥሩ መስታወት ነው፣ አሁን እንዲህ ያለ አይገኝም እያለ ነው» አሉ ሐጂ።

«ይውሰደው በሉት» አልኩ።

ልጄ ማሽኑ ላይ የተመለሰችው ከሁለት ወር በኋላ ነው፣ ሐኪሙ ሲፈቅድላት። ሐጂ መጋረጃው ላይ አንድ ሰው የሚያይበት አረንጓዴ መስኮት አሠሩ፤ መስኮቱም እንደ መነጽሩ ለዚያ ብርሃን የተሠራ ነው። እኔ ወደ ምግብ ቤት ሥራዬ ተመለስኩ። ስግደቴን ጨረስኩ። ሰዎች እንዴት ነሽ ሲሉኝ ደኅና ነኝ እላለሁ፣ እንደዚያም ነው፤ እበላለሁ፣ እተኛለሁ። የሆነ ቦታ ላይ ሊያመኝ ይገባ ነበር፣ አያመኝም።

ካሬዎቹ ከአሥራ አራት አሥራ አንድ ሆኑ። ከዚያ ዘጠኝ። ከዚያ ሰባት። በሰባት ቆሙ። አንዳንድ ቀን ስድስት የምትለኝ ለእኔ ብላ እንደሆነ ገባኝ፤ በማግስቱ ሰባት ናቸውና። ስድስት ስትለኝም ሰባት ነው የማከብበው።

ትናንት ስድስተኛው ወር ሞላ። ሐኪሙ አያትና ይኸው ነው አለ። ዛሬ ማለዳ ፍሪጁ ፊት ቆመች፣ ቀኝ ዓይኗን ሸፈነች።

«ሰባት» አለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች፣ መዳፏን ሳታነሣ። «አፍንጫሽ ግማሹ አለ።»

«የቱ ግማሽ?»

«መጥፎው።»

እርሳሱን አስቀምጬ እስክሪብቶ አመጣሁ። ሰባቱን ካሬዎች ዙሪያቸውን በእስክሪብቶ ደገምኩት። እሷ ፀጉሯን እያሰረች ነበር። አረንጓዴውን መነጽር ከጠረጴዛው አንሥቼ ቦርሳዋ ውስጥ ከመክተቴ በፊት ወደ አምፖሉ ቀና አልኩ። አምፖሉ ይታያል። ከተትኩትና ዚፑን ዘጋሁት።